ላብና እውነታ፦ የመረጃ ቋት ባለቤትነት ከምን ይመነጫል?

ሰው የደከመበት ነገር የራሱ ነው የሚለው ሐሳብ በብዙዎች ልቦና ያለ ክርክር የሚያልፍ ቢሆንም፣ ድካሙ አዲስ ነገር በመፍጠር ላይ ሳይሆን አስቀድሞ የነበረውን እውነታ በመሰብሰብና በመደርደር ላይ የዋለ ሲሆን ግን ሐሳቡ ወዲያው ይናጋል። የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ስምና ስልክ ቁጥር፣ የወንዞች የየወሩ የውኃ መጠን፣ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ቀንና ሰዓት፣ በየገዳማቱ የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ዝርዝር፣ እነዚህ ሁሉ ማንም ሰው ያልደረሳቸው፣ ነገር ግን አንድ ሰው ወጥቶ ወርዶ ካልሰበሰባቸው በስተቀር ለማንም የማይጠቅሙ እውነታዎች ናቸው። ሰብሳቢው የእውነታው ፈጣሪ አይደለም፤ ክምችቱ ደግሞ ያለ እርሱ ባልኖረ ነበር። የመረጃ ቋት የሕግ ጥበቃ ክርክር የቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ስፍራ ላይ ሲሆን፣ በሕግ ቋንቋ ይቅረብ እንጂ ሥሩ የፍልስፍና ጥያቄ ነው፦ ላብ ባለቤትነትን ይወልዳልን? ወይስ የሚወልደው ደመወዝን ብቻ ነው?

የመረጃ ቋት ሲባል ዛሬ ወደ ሐሳብ የሚመጣው በኮምፒውተር ውስጥ የተከማቸ መረጃ ቢሆንም የሕጉ ትርጉም ከመሣሪያው ጋር የተቆራኘ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በማርች 1996 ያወጣው መመሪያ ቁጥር 96/9 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመረጃ ቋትን የሚተረጉመው፣ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ መቆም የሚችል ሥራ፣ መረጃ ወይም ሌላ ነገር በሥርዓት ወይም በዘዴ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ በኤሌክትሮኒክ ወይም በሌላ መንገድ ለየብቻው ሊገኝ የሚችልበት ስብስብ በማለት ነው። በዚህ ትርጉም ከተሄደ ስንክሳር ራሱ የመረጃ ቋት ነው። የእያንዳንዱ ቅዱስ ታሪክ ከሌላው ተነጥሎ ይነበባል፤ አደራደሩ የወሩንና የዕለቱን ተራ ይከተላል፤ አንባቢውም የዕለቱን ለማግኘት ከመስከረም አንድ ጀምሮ ማንበብ አይጠበቅበትም። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ቅዱሳን ታሪክ እየታከለበት ሲሰፋ የኖረ በመሆኑ፣ ዛሬ የሕግ ሰዎች የቋቱን ይዘት ማደስ የሚሉት ሥራ በብራናና በቀለም ሲሠራ ቆይቷል ማለት ይቻላል። የብራና መጻሕፍት በጫፍ ገጻቸው የሚሸከሙት ውግዘት የሚወርደው መጽሐፉን በሰረቀና በፋቀ ላይ እንጂ በገለበጠ ላይ አልነበረም፤ ጸሐፊው ደመወዙን ከአስጻፊው ተቀብሎ ከአንባቢው የሚለምነው በጸሎት መታሰብን ነበር። በ9ኛው መቶ ዘመን የኖሩት ኢማም አል ቡኻሪም ሐዲሶችን ለመሰብሰብና የእያንዳንዱን ዘጋቢ ታማኝነት ለመመርመር ዕድሜያቸውን ያፈሰሱ ሲሆን፣ ስብስቡ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል እንጂ የሐዲሱ ባለቤት ተደርገው አልተቆጠሩም። እንግዲህ የሰብሳቢን ድካም ማክበርና ለሰብሳቢው የመከልከል ሥልጣን መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የቀደሙት ሥልጣኔዎች ያውቁ ነበር።

ሁለቱን አንድ ለማድረግ መንገድ የጠረገው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ነው ይባላል። ሎክ በ1689 ስለ መንግሥት ባሳተመው ሁለተኛ ድርሳኑ፣ ሰው የገዛ አካሉ ባለቤት በመሆኑ የእጁ ሥራም የእርሱ ነው፤ ስለዚህ የጋራ የሆነውን የተፈጥሮ ነገር በድካሙ ሲነካው፣ ለምሳሌ ከዱር ፍሬ ሲለቅም፣ የለቀመውን የግሉ ያደርገዋል ሲል ተከራከረ። ይሁን እንጂ ሎክን የሚጠቅሱ ብዙዎች እስከ ላቡ ድረስ አንብበው ቀጥሎ የሚመጣውን ቅድመ ሁኔታ ሳያዩ መጽሐፉን ያጥፉታል፤ ቅድመ ሁኔታውም ለሌሎች በበቂ መጠንና በዚያው ጥራት የሚተርፍ ሲኖር ብቻ ነው የሚል ነው። ሮበርት ኖዚክ በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ በድካም የማግኘትን ሐሳብ ራሱን ጠይቆታል፦ የራሴን ነገር የእኔ ካልሆነ ነገር ጋር ስቀላቅል፣ ያ የእኔ ያልሆነው የእኔ ይሆናል ከማለት ይልቅ የራሴ የነበረው ጠፋ ለምን አይባልም? ለእውነታ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ፍሬ የለቀመ ሰው ለሌላው ያንን ፍሬ አያስቀርም፤ እውነታ የሰበሰበ ግን እውነታውን ከነበረበት አላነሣውም፤ ወንዙ ይፈስሳል፣ ስልኩም ያው ቁጥሩን እንደያዘ ነው። ስለዚህ በእውነታ ክምችት ላይ የሚጠየቀው መብት የያዙትን አጥብቆ የመያዝ መብት ሳይሆን ሌላውን የመከልከል መብት ነው፤ ይህም ከሎክ ለቃሚ ጥያቄ እጅግ የሰፋ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 የወሰነው የፋይስት ጉዳይ ይህን ልዩነት ከብዙ የፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። ሩራል የተባለው የስልክ ድርጅት በካንሳስ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ላሉ አካባቢዎች አገልግሎት የሚሰጥ ሲሆን፣ የግዛቱ ደንብ በሚያዘው መሠረት የደንበኞቹን ስም፣ ከተማና ቁጥር በፊደል ተራ የያዘ ማውጫ በየዓመቱ ያሳትም ነበር። ፋይስት የተባለው አሳታሚ ደግሞ የ11 የስልክ ድርጅቶችን ቀጣና በአንድ ላይ የሚይዝ ሰፊ ማውጫ ለማዘጋጀት ከእያንዳንዳቸው ፈቃድ ሲጠይቅ ሌሎቹ ተስማምተው ሩራል ብቻ እምቢ አለ፤ ፋይስትም ያለ ፈቃድ ወሰደ። በፋይስት ማውጫ ውስጥ ከነበሩት 46,878 መዝገቦች 1,309ኙ ከሩራል ጋር ቁርጥ አንድ ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም አራቱ ሩራል ቀጂውን ለመያዝ ሆን ብሎ ያስገባቸው፣ ከናካቴው የሌሉ ሰዎች ስሞች ነበሩ። መቀዳቱ በዚህ ተረጋገጠ፤ ሆኖም ሩራል ተረታ። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በጻፉት ውሳኔ፣ የቅጂ መብት የሚጠብቀው ወጥነት ያለውን ሥራ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳና ጥቂትም ቢሆን የፈጠራ ብልጭታ ያለበትን ሥራ መሆኑን፣ እውነታ የሚገኝ እንጂ የሚፈጠር ባለመሆኑ ደራሲ እንደሌለው፣ የእውነታዎች ስብስብም ቢሆን በምርጫው ወይም በአደራደሩ ወጥ ካልሆነ እንደማይጠበቅ፣ ስምን በፊደል ተራ መደርደር ደግሞ ይህን መለኪያ እንደማያሟላ ፍርድ ቤቱ ደመደመ። ቢያንስ ከ1922 ወዲህ አንዳንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይከተሉት የነበረው፣ የግንባር ላብ ብቻውን ለጥበቃ ይበቃል የሚለው አስተምህሮ በዚህ ፍርድ ተሻረ።

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው አንድ ጎን አለ። ፍርድ ቤቱ ባስቀመጠው መለኪያ ከሄድን፣ ከማውጫው ሁሉ «ከሰው አእምሮ ፈለቁ» ለመባል የሚቀርቡት እነዚያ አራት የሌሉ ሰዎች ናቸው፤ ቀሪዎቹ በሺህ የሚቆጠሩት እውነተኛ ስሞች ደራሲ የላቸውም። የዮሐንስ ወንጌል ሐሰት አባት እንዳላት ያስተምራል፤ የአሜሪካው ፍርድ በራሱ መንገድ ሄዶ እዚያው ደርሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እውነትን በተመለከተ ሰው ሊሆን የሚችለው ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ የመሰከረበትን ነገር ሌላው እንዳይናገረው ሊከለክል አይችልም። ሐሳቡ ለሃይማኖተኛ አንባቢ እንግዳ ባይሆንም ለነጋዴ አይዋጥለትም፤ የነጋዴውም ቅሬታ ከንቱ አይደለም። አንዱ ለዓመታት ገንዘብና ጉልበት አፍስሶ የሰበሰበውን ሌላው በአንድ ሌሊት ገልብጦ በርካሽ ሲሸጥበት፣ የተበደለ ሰው እንዳለ ልቦና ይመሰክራል፤ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል የሚለው ትምህርትም እዚህ ቦታ ላይ ዝም ሊል አይችልም።

ይህንን በደል ለመሰየም የሕግ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የወደዱት ምስል፣ ካልዘራበት ማጨድ የሚለው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1918 አሶሲዬትድ ፕሬስ ያጠናቀረውን ዜና ተወዳዳሪው ኢንተርናሽናል ኒውስ ሰርቪስ ከምሥራቁ ጠረፍ ጋዜጦችና ማስታወቂያ ሰሌዳዎች እየለቀመ ወደ ምዕራብ በቴሌግራም ያስተላልፈው እንደነበር ሲመረምር፣ የአብላጫው ድምፅ ጸሐፊ ዳኛ ማህሎን ፒትኒ ድርጊቱን ያወገዙት በዚሁ ምስል ነበር፤ ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ ግን እውቀትና እውነታ አንድ ጊዜ ለሕዝብ ከተገለጠ በኋላ የጋራ ይሆናል በማለት ተለዩ። የሚገርመው ምስሉ በምንጩ ውስጥ የቆመበት ስፍራ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ በተጻፈው የመክሊት ምሳሌ ይህ ቃል የሚወጣው ከሰነፉ አገልጋይ አፍ ነው፤ ጌታውን ካልዘራበት የሚያጭድ ብሎ የሚከሰውም የተሰጠውን መክሊት በመሬት የቀበረበትን ምክንያት ለማስረዳት ነው፤ የሚፈረድበትም ቀባሪው ነው። እርግጥ ምሳሌው ስለ ቅጂ መብት የተነገረ አይደለም፤ ዳኛውም የተጠቀሙበት ተለምዶ እንደ ተረት በሚነገርበት መንገድ ነው። ነገር ግን ሐረጉን ለጠባቂነት ማስረጃ አድርጎ የሚያነሣ ሰው፣ ታሪኩ ያለ ሥራ መቀበርን ከመውሰድ ይልቅ አክፍቶ እንደሚያይ ሊያስተውል ይገባል።

ስለ እርሻና ስለ ድካም ከተነሣ ለዚህ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው የኦሪት ሕግ የቃርሚያው ሕግ ነው። ዘሌዋውያንና ዘዳግም ባለ እርሻው የማሳውን ጥግ አጥርቶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውን ዛላ እንዳይለቅም፣ የረሳውን ነዶ ተመልሶ እንዳይወስድ፣ ይህ ሁሉ ለድሃው፣ ለመጻተኛው፣ ለአባት አልባውና ለመበለቲቱ እንዲቀር ያዝዛሉ፤ ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ ሕግ ነው። ሕጉ የባለ እርሻውን ባለቤትነት አይክድም፤ የዘራ ያጭዳል። የሚለው ግን ባለቤትነት ከመጀመሪያው ጀምሮ የሌላ ሰው ድርሻ የተቆረጠለት ሆኖ እንደሚሰጥ ነው፤ ቃራሚው ምጽዋት ለማኝ ሳይሆን ባለ ድርሻ ነው።

የ1996ቱ የአውሮፓ መመሪያ፣ አርቃቂዎቹ ኦሪትን ያስቡ አያስቡ፣ ይህንኑ ቅርፅ ይዟል። መመሪያው ለመረጃ ቋት ሁለት ዓይነት ጥበቃ ሰጥቷል። አንደኛው በምርጫው ወይም በአደራደሩ የሠሪው የአእምሮ ፈጠራ ለሆነ ቋት የሚሰጠው የተለመደው የቅጂ መብት ነው። ሁለተኛው ራሱን የቻለ አዲስ መብት ሲሆን፣ በላቲን ሱይ ጄኔሪስ ማለትም በዓይነቱ የተለየ የሚባለውም እርሱ ነው፤ ይህ መብት ወጥነትን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መረጃውን ለማግኘት፣ ለማረጋገጥ ወይም ለማቅረብ ከፍ ያለ መዋዕለ ንዋይ መፍሰሱን ነው። ላብ በአሜሪካ በተባረረ በአምስት ዓመቱ በአውሮፓ ዙፋን ተሰጠው ማለት ነው። መብቱ ቋቱ ከተጠናቀቀበት ዓመት ቀጥሎ ከሚመጣው ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ለ15 ዓመት የሚጸና ሆኖ፣ ይዘቱ ከፍ ባለ መዋዕለ ንዋይ በታደሰ ቁጥር አዲስ 15 ዓመት ስለሚጀምር፣ ያለማቋረጥ ለሚታደስ ቋት ማብቂያ የሌለው ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በሕጋዊ መንገድ ወደ ቋቱ የገባ ተጠቃሚ አነስተኛ የሆነውን ክፍል ለማንኛውም ዓላማ እንዲወስድ መመሪያው ፈቅዷል፤ ይህን የሚከለክል ውልም ፈራሽ ነው። እንዲሁ አነስተኛውን እየደጋገመና በዘዴ እያወጣ መላውን ለማጋዝ የሚሞክረውን ይከለክላል፤ ቃርሚያ ተፈቀደ ማለት ጋሪ ይዞ መግባት ተፈቀደ ማለት አይደለምና።

ሆኖም ሕጉ ጽሑፉ ላይ ያልመለሰው አንድ ከባድ ነገር ነበር። ሁለተኛ ሰብሳቢ ከቋቱ ሳይቀዳ ወደ ምንጩ ሄዶ ያንኑ መረጃ በገዛ ድካሙ ቢሰበስብ የሚከለክለው የለም፤ የመብቱ መከላከያ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ መንገዱ ክፍት ነው፣ አንተም ድከም የሚል። ምንጩ ራሱ በአንድ ሰው እጅ የሆነበት ጊዜስ? በ1992 የቀረበው የመመሪያው የመጀመሪያ ረቂቅ ለሕዝብ የቀረበ መረጃ ከሌላ ምንጭ ሊገኝ የማይችል በሚሆንበት ጊዜ ባለቤቱ በተገቢ ዋጋና ያለ አድልዎ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ድንጋጌ ነበረው፤ በመጨረሻው ጽሑፍ ግን ተሰርዟል። ስረዛው ትልቅ ስሕተት ነበር። የሎክ ቅድመ ሁኔታ በመረጃ ዓለም ሊኖረው የሚችለው ብቸኛ ትርጉም ያ ድንጋጌ ነበርና፤ ለሌላው የሚተርፍ ፍሬ የሚኖረው ወደ ዛፉ የሚወስደው መንገድ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው።

የተሰረዘው በበሩ ቢወጣም በመስኮት ተመለሰ። የብሪታንያ የፈረስ ውድድር ቦርድ የባለፈረሶችን፣ የፈረሶችን፣ የጋላቢዎችንና የውድድሮችን መዝገብ በዓመት 4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እያወጣ ይይዝ ነበር። ዊልያም ሂል የተባለው አወራራጅ ድርጅት የትኛው ፈረስ በየትኛው ሜዳ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሮጥ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ማውጣት ሲጀምር ቦርዱ ከሰሰ። የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 9 ቀን 2004 በሰጠው ውሳኔ፣ ሕጉ የሚቆጥረው መዋዕለ ንዋይ አስቀድሞ ያለ መረጃ ለመሰብሰብና ለማረጋገጥ የፈሰሰውን እንጂ መረጃውን ራሱን ለመፍጠር የፈሰሰውን አይደለም አለ፤ ማን እንደሚሮጥ የሚወስነው ቦርዱ ራሱ በመሆኑ ዝርዝሩን ለማውጣት የደከመው ድካም ሚዛን ውስጥ አልገባለትም። በዚያው ቀን የእግር ኳስ ግጥሚያዎች መርሐ ግብርን በሚመለከቱ ከፊንላንድ፣ ከስዊድንና ከግሪክ በመጡ ጉዳዮችም ተመሳሳይ ውሳኔ ተሰጠ።

ብዙዎች ይህን ውሳኔ የቃላት ብልጠት አድርገው ተችተውታል፤ መፍጠርና መሰብሰብ በተግባር የሚለዩበት መስመር ቀጭን መሆኑም አይካድም። ከፍልስፍና አንጻር ሲታይ ግን ውሳኔው የነገሩን እምብርት ነክቷል። በቅጂ መብት ዓለም ፈጣሪ ከሰብሳቢ ይበልጣል፤ እዚህ ግን ፈጣሪው ተገፍቶ ሰብሳቢው ተመረጠ። ምክንያቱም መረጃውን ራሱ የሚፈጥረው አካል፣ የውድድሩን ሰዓት የሚቆርጠው፣ ቁጥሩን የሚያድለው፣ ለዚያ መረጃ ብቸኛው ምንጭ ስለሆነ፣ ለእርሱ በቋቱ ላይ መብት መስጠት በእውነታው ላይ መብት ከመስጠት አይለይም፤ ማንም ሌላ ሰው ወደ ምንጩ ሄዶ መድከም አይችልምና። የወንዝ መጠን የሰበሰበውን ሰው ብንጠብቀው ወንዙ ለሁሉም ይቀራል። እንግዲህ በመረጃ ቋት ላይ ለሚነሣ ክርክር ትክክለኛው ጥያቄ ማን ደከመ የሚለው ሳይሆን፣ ከደከመው በኋላ ለሚመጣው መድከም ይቻለዋልን የሚለው ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2021 ከላትቪያ በመጣው የሥራ ማስታወቂያዎች ጉዳይ ወደዚህ ይበልጥ ቀርቧል፤ መውሰዱ ሠሪው ያወጣውን ወጪ የመመለስ ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል መሆኑ መረጋገጥ አለበት በማለት፣ መብቱን ከአጥርነት ወደ ደመወዝ ጠባቂነት ስቦታል። የ2023ቱ የአውሮፓ የዳታ ደንብም ከተገናኙ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ከዘመናዊ መኪናና ከፋብሪካ ማሽን፣ በሚመነጭ መረጃ ላይ ይህ ልዩ መብት እንዳይሠራ ደንግጓል።

መብቱ የታሰበለትን ኢኮኖሚያዊ ፍሬ አፍርቷል ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2005 ባደረገው ግምገማ በአንድ ዓለም አቀፍ ማውጫ የተመዘገቡት የአውሮፓ የመረጃ ቋቶች በ1998 ከነበሩት 3,092 በ2004 ወደ 3,095 ብቻ መድረሳቸውን አስፍሮ፣ የልዩ መብቱ ጥቅም እንዳልተረጋገጠ በግልጽ ጽፏል። እንዲህ ያለ ግምገማ አውጥቶ ሕጉን እንዳለ ያስቀጠለ ሕግ አውጪ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ መብት መልሶ ለመንሣት ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

ለኢትዮጵያ ይህ ክርክር ሩቅ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የመረጃ ስብስብን የሚጠብቀው በምርጫው፣ በቅንብሩ ወይም በአደራደሩ ወጥ ሲሆን ነው፤ ተራ መረጃን ደግሞ ከጥበቃ ውጪ አድርጎታል። የአውሮፓ ዓይነት ልዩ መብት በአዋጁ የለም፤ ስለዚህ በላቡ ብቻ የሚተማመን ሰብሳቢ በአዲስ አበባ የሚያገኘው ሩራል በካንሳስ ካገኘው አይበልጥም። አለመመጣጠኑ የሚመጣው ድንበር ሲሻገር ነው። የአውሮፓው መመሪያ ልዩ መብቱን ለአባል አገራት ዜጎች፣ ነዋሪዎችና ድርጅቶች ብቻ ስለወሰነው፣ ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ያዘጋጀው ቋት በአውሮፓ ያለ ስምምነት አይጠበቅም፤ አንድ የአውሮፓ ድርጅት የኢትዮጵያን መረጃ ሰብስቦ ያዘጋጀው ቋት ግን እዚያ ይጠበቃል። መረጃው የመድኃኒት ዕፅዋት ዝርዝር፣ ማለትም የትኛው ቅጠል ለየትኛው ሕመም እንደሚታዘዝ፣ ቢሆን ላብ የሚለው ሐሳብ ከነጭራሹ መልኩን ይቀይራል። በዚህ ጊዜ «ምንጭ» የተባለው ነገር ተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ ለትውልዶች የቀመሱ፣ የሞከሩና የተሳሳቱ ሰዎች ድካም ነው። በፋይስት መለኪያ ቅጠሉና ሕመሙ ነጻ እውነታዎች ናቸው፤ በአውሮፓው መለኪያ የሚቆጠረው የመጨረሻው መዝጋቢ ላብ ነው፤ ሁለቱም የቀደመውን ድካም አያዩትም። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. የማኅበረሰብ እውቀት ባለቤትነት የማኅበረሰቡ ነው ሲል በሁለቱም ላይ ያልተመለሰ ጥያቄ አቅርቧል። ይህ ጽሑፍ ከላይ ለእውነታ ነጻነት ካቀረበው ክርክር ጋር አዋጁ በሙሉ አይታረቅም፤ ምናልባት የሚታረቁበት መንገድ በምስጢር የተያዘንና ለሁሉ የታወቀን እውቀት መለየት ይሆናል፤ ያም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት መቀመጡ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለእነዚህ መጻሕፍት ካታሎግ በማዘጋጀት ብዙ ዓመታት ማሳለፋቸው ይታወቃል። የዚህ ክምችት እያንዳንዱ ድርብርብ ለጥያቄው የተለየ መልስ ይሰጣል። የመጽሐፉ ቃል የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የቅጠሎቹ ብዛት እውነታ ነው። ነገር ግን ቀን ያልተጻፈበትን መጽሐፍ ሊቁ የፊደሉን አጣጣል አይቶ በ15ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ነው ሲል፣ የሰጠው እውነታ ነው ወይስ ፍርድ? የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1994 ያገለገሉ መኪናዎች የዋጋ ግምትን በሚመለከት ጉዳይ፣ ግምቱ በባለሙያ ዳኝነት የተሠራ በመሆኑ ከተራ እውነታ ይለያል ብሏል። በዚህ ከሄድን የሊቁ ግምት የተጠበቀ ይሆናል፤ ግምቱ ትክክል መሆኑ በሌላ ማስረጃ የተረጋገጠ ዕለት ግን ያው ዓረፍተ ነገር እውነታ ሆኖ ከጥበቃው ሊወጣ ነው። ምሁር ትክክል በሆነ መጠን መብቱ የሚሳሳበት ሕግ እንግዳ ነው፤ ይሁን እንጂ ምሁሩ ራሱ የሚመኘው ከዚህ የተለየ አይደለም።

የሕግ ጥበቃ መኖሩ ሁልጊዜ ለባለቤቱ እንደማይበጅ፣ አለመኖሩም ሁልጊዜ ለሕዝብ እንደማይጠቅም ደግሞ የራያንኤር ጉዳይ አሳይቷል። የአየር መንገዱ የበረራ መረጃ በመመሪያው የማይጠበቅ ነው ተብሎ ሲገመት፣ የአውሮፓው ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2015፣ ቋቱ ካልተጠበቀ ለተጠቃሚው የተተወው የቃርሚያ ድርሻም አይሠራም፤ ስለዚህ ባለቤቱ በውል የፈለገውን ያህል ሊገድብ ይችላል አለ። መብት የሌለው ሰው መብት ካለው ይልቅ ከፍ ያለ አጥር አጠረ።

እንዲህ ከሆነ ላብን በንብረት ስም ከመጠበቅም፣ ለውል ኃይል አሳልፎ ከመስጠትም ሌላ ሦስተኛ መንገድ መፈለጉ ተገቢ ነው፤ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም አንድ በር አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በቁጥር 2162 በቂ ምክንያት ሳይኖረው ከሌላ ሰው ሥራ ወይም ንብረት ጥቅም ያገኘ ሰው በተጠቀመው መጠን ለዚያ ሰው እንዲክስ ያዝዛል። ድንጋጌው ማንንም አይከለክልም፤ መረጃው ይፈስሳል፣ የተጠቀመው ይከፍላል፤ ደመወዝ እንጂ አጥር አይደለም። ችግሩ «በቂ ምክንያት» በሚለው ላይ ይወድቃል። ገልባጩ በፍርድ ቤት ቆሞ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ተራ መረጃን ለሁሉ ነጻ አድርጎልኛል፤ ሕግ ነጻ ያደረገውን መውሰድ ራሱ በቂ ምክንያት ነው ቢል፣ ዳኛው ነጻ የሆነው እውነታው እንጂ እውነታውን ለመሰብሰብ የፈሰሰው ወጪ አይደለም ብሎ ሊመልስለት ይችላል፤ ነገር ግን ያንን ወጪ ከእውነታው ለይቶ በብር ለመተመን፣ በተለይም ሰብሳቢው ሩራልን እንደመሰለ ድርጅት ያንን ሥራ በሕግ ግዴታ ምክንያት በማንኛውም ሁኔታ ሊሠራው የነበረ ሲሆን፣ በምን መለኪያ እንደሚለካው ሕጉ አልነገረውም።